ሥራ መፍታት ጤናንና ቤትን ምን ያደርጋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤት የዋለ ሰው ምክር አያጣም። «ተነስ፣ አንድ ነገር ሥራ» ይለዋል እናቱም ጎረቤቱም። ሰውነቱ፣ እንቅልፉና ትዳሩ ምን እየሆኑ እንደሆነ የሚነግረው ግን ጥቂት ነው። እዚህ ያሉት ጥያቄዎች ሥራ ያጡ፣ ጡረታ የወጡ፣ ተመርቀው የተቀመጡ ሰዎችና አብረዋቸው የሚኖሩ ቤተሰቦች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው።

ሥራ አጥና ሥራ ፈት አንድ ነው?

አይደለም። በየቤቱ ብዙ ጠብ የሚነሳውም ሁለቱን ከመቀላቀል ነው። ጠዋት የሥራ ማስታወቂያ ሲያይ፣ ከሰዓት እህቱን ሲያስጠና፣ ማታ ውኃ ሲቀዳ የሚውል ልጅ ሥራ አጥ ነው። ሥራ ፈት ግን አይደለም። የቤት ኪራይ እየሰበሰበ እስከ ምሳ ሰዓት ከአልጋ የማይወርድ ሰው ደግሞ ገንዘብ አለው፤ ሰውነቱ ግን ልክ እንደ ሥራ ፈት ይጎዳል።

ማሪ ያሆዳ የምትባል ኦስትሪያዊት የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበረች። ሥራ ከደመወዝ ሌላ አምስት ነገር ይሰጣል ትላለች። ቀኑን ይከፋፍላል። ከቤተሰብ ውጭ ካለ ሰው ጋር ያገናኛል። ብቻውን የማይሠራው የጋራ ጉዳይ ውስጥ ያስገባል። «ምን ትሠራለህ?» ሲባል የሚመለስ መልስ ይሰጣል። ያንቀሳቅሳል። ደመወዙ ሲቀር አምስቱም አብረው ይቀራሉ።

ደመወዙን መተካት ከባድ ነው፤ በዚህ ማንንም አልዋሽም። ከአምስቱ ሦስት አራቱን ግን ያለ ደመወዝም መመለስ ይቻላል። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ይህንኑ ነው።

ሥራ ሲጠፋ ጊዜ ይተርፋል። ታዲያ በትርፉ ጊዜ ብዙ ነገር መሥራት አይቻልም?

እንዲያ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከቪየና ብዙም የማትርቅ ማሪየንታል የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዋ ከሞላ ጎደል የሚተዳደረው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 1930 ባለው ጊዜ ፋብሪካው ሲዘጋ መንደሩ እንዳለ ሥራ ፈታ። ያሆዳ ከፖል ላዛርስፌልድና ከሃንስ ዛይዝል ጋር ሆና የሰዎቹን ኑሮ ከቅርብ አጠናች። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1933 ታተመ።

የመንደሩን ቤተ መጻሕፍት ተመልከቱ። መጽሐፍ ለመዋስ የሚከፈለው ገንዘብ ቀርቶ ነበር። ሰዉም ጊዜ ሞልቶታል። የሚዋሰው ሰው ግን ጨመረ እንዳትሉ፣ በጣም ቀነሰ። አጥኚዎቹ ከዚያም አልፈው ሰው ሳያያቸው መንገድ ዳር ሆነው የመንገደኛውን እርምጃ በሰዓት ለኩ። ወንዶቹ እየተጎተቱ ይሄዳሉ፤ በየጥቂቱም ይቆማሉ። ሴቶቹ ፈጠን ፈጠን ይላሉ። ቤት ልጅና ምድጃ ይጠብቃቸዋላ! ወንዶቹ ቀናቸውን በሰዓት ከፋፍለው እንዲጽፉ ሲጠየቁ ደግሞ ከመነሳት፣ ከምሳና ከመተኛት ሌላ የሚጽፉት ነገር ጠፋቸው።

እዚህ እኛ ሰፈር ጥግ ላይ ድንጋይ ሲያሞቁ የሚውሉትን ወጣቶች ስናይም ነገሩ ያው ነው። «ጊዜ የለኝም» የሚል ሰው በቀን አሥር ጉዳይ ይጨርሳል። ጊዜ የተረፈው አንዱንም ሳይጀምር ይመሽበታል። ስንፍና ብቻ አይምሰላችሁ። «እስከ ስድስት ሰዓት መድረስ አለብኝ» የሚል ነገር ከሌለ ሰው ለመነሳትም ምክንያት ያጣል።

ዝም ብሎ መቀመጥ ሰውነትን በምን ይጎዳል? ቢበዛ ያወፍር ይሆናል እንጂ…

ውፍረት የሚታየው ጉዳት ነው። የማይታየው ይብሳል።

እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ዳላስ ውስጥ አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለጥናት ተብሎ 3 ሳምንት አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። ሲነሱ ልባቸውና ሳንባቸው ለሰውነት ኦክስጅን የማድረስ አቅማቸው ከሩብ በላይ ወርዶ ተገኘ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች መልሰው መረመሯቸው። አሁን 50 ዓመታቸው ነው፤ ወፍረዋልም። እንዲያም ሆኖ የ3 ሳምንቱ መተኛት ያደረሰባቸው ጉዳት የ30 ዓመት ዕድሜ ካደረሰባቸው በልጦ ነው የተገኘው። ጥሩው ወሬ ደግሞ አለ። ያኔም ሆነ በ50 ዓመታቸው ልምምድ ሲጀምሩ የወረደው አቅም ተመልሷል።

የለንደኑ ታሪክ ለእኛ ይቀርባል። ጄሪ ሞሪስ የሚባል ሐኪም ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩ ሰዎችን አወዳደረ። ሾፌሩ ተቀምጦ ይውላል። ትኬት ቆራጩ ያንኑ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ በቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ። አውቶቡሱ አንድ፣ መሥሪያ ቤቱ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው ጥናት እንዳሳየው በልብ ሕመም ይበልጥ የሚጠቁት ሾፌሮቹ ነበሩ። ነገሩ ሥራ ያለውንም ይነካል። ቢሮ ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው ደመወዝ ስለበላ ሰውነቱ አይምረውም።

እንዴት እንደሚሆን ባጭሩ ልንገራችሁ። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ከደም ውስጥ ስኳር ይስባል። ካልተንቀሳቀሰ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቆያል፤ እየዋለ እያደረ ወደ ስኳር በሽታ ይወስዳል። የባትና የእግር ጡንቻ ደም ወደ ላይ ይገፋል። ለረጅም ሰዓት ሲቀመጡ እግር የሚያብጠው ደሙ እዚያው ስለሚንቀራፈፍ ነው፤ አንዳንዴም ይረጋል። አንጀትም ይሰንፍና ድርቀት ይመጣል። ወገብ ያማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው አኃዝ ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶው፣ ማለትም 1.8 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ በቂ እንቅስቃሴ አያደርግም።

ቀኑን ሙሉ ምንም ሳልሠራ ለምን ይደክመኛል? ሌሊትስ ለምን እንቅልፍ እምቢ ይለኛል?

ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው። እንቅልፍ የሚጠራቀመው ነቅቶ በመዋል ነው። ቀን ሁለት ሰዓት ጋደም ያለ ሰው የሌሊቱን ቀድሞ በላው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሰውነት ውስጥ ያለው ሰዓት የሚስተካከለው በጠዋት ብርሃን ነው። መጋረጃ ዘግቶ እስከ አራት ሰዓት የተኛ ሰው ሰውነቱ መቼ እንደነጋ አያውቅም። ማታ ደግሞ ስልኩ አለ። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቲክቶክ ሲያይ ያመሸ ሰው ጠዋት እንዴት ይነሳ?

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን ይሰለቻል። ቢተኙም ባይተኙም በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት። ከዚያ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ማየት። አገራችን በዚህ እንኳ አልጨከነችብንም።

ድካሙ በዚህ ካልለቀቀ ግን ደም ማነስ፣ ስኳር፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመም ሊሆን ይችላልና መመርመር ነው።

መጨናነቁ የሥራ ማጣት ነው ወይስ ሕመም ሆኗል? በምን ይለያል?

ሥራ ያጣ ሰው ቢከፋው አይገርምም። እ.ኤ.አ. በ2009 ከ200 በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ የተመለከተ ሥራ ታትሞ ነበር። ሥራ ካላቸው ሰዎች መካከል የሥነ ልቦና ችግር የታየባቸው 16 በመቶ ሲሆኑ ሥራ ከሌላቸው መካከል 34 በመቶ ሆኑ። «በድሮውም የታመመው ነው ሥራ የሚያጣው» የሚል ይኖራል። በከፊል እውነት ነው። ግን ያው ሰው ሥራ ሲያጣ ሲብስበት፣ ሲያገኝ ሲሻለው ታይቷል።

ወደ ሕክምና መሄድ ያለባችሁ ይህ ሲሆን ነው። ሐዘኑ ወይም ባዶነቱ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ከቆየ፤ ድሮ የሚያስደስታችሁ ነገር፣ ኳሱም ቡናውም፣ ጣዕም ካጣ፤ ምግብና እንቅልፍ ከተበላሸ፤ ራሳችሁን «እኔ ምን እጠቅማለሁ» ስትሉ ከሰማችሁ። ሞትን የመመኘት ሐሳብ ከመጣ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም። ያን ቀን ለአንድ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፤ ብቻችሁን አትደሩ፤ አብሯችሁ ወደ ሐኪም ይሂድ። የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው አማኑኤል ሆስፒታል ስሙ ሲጠራ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። ጉዳዩን በጤና ጣቢያም መጀመር ይቻላል። ጠበል የሚሄድም ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም።

ጫቱስ? ልጄ «ሥራ የለኝም፣ ጊዜ ላሳልፍ ብዬ ነው» ይለኛል።

ብዙው የሚጀምረው እንዲሁ ነው። ችግሩ ጫት ባዶውን ቀን ሥራ የበዛበት ማስመሰሉ ነው። ከምሳ በኋላ በርጫ ይቀመጣሉ። ምርቃና ሲመጣ ወሬው ይደምቃል። ድርጅት ይቋቋማል፣ ካፒታሉ ይሰላል፣ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ይሾማል። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ድርጅቱ እዚያው ምንጣፉ ላይ ይቀራል። ከዚያ ጨብሲ፣ ምርቃናውን በመጠጥ መስበር። ሌሊት እንቅልፍ የለም። ጠዋት መነሳት የለም። በነጋታው ሀራራው ራሱ ዋና ሥራ ይሆናል። ሃምሳ ብርና መቶ ብር ፍለጋ መዞር ማለት ነው።

ከጤና አንጻር ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ድርቀት ያመጣል። የአእምሮ ሕመም ዝንባሌ ያለበትን ሰው ሊያባብስበት ይችላል። ጨብሲው ሲጨመር ደግሞ ጉበቱም የድርሻውን ይወስዳል።

ለቤተሰብ የምመክረው በጫቱ ላይ ብቻ አትዝመቱ ነው። ከሰባት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ያለው ጊዜ ባዶ እስከሆነ ድረስ ጫቱ ቢቀር ቤቲንግ ቤት ይተካዋል። ከሰዓቱን የሚይዝ ነገር አስቀድማችሁ ፈልጉ። የአክስት ሱቅ መጠበቅም ቢሆን። ቤቲንግ ያልኩት ለጨዋታ አይደለም። ሥራ የሌለው ሰው በሃያ ብር ትኬት ሃምሳ ሺህ ብር ሲጠብቅ መዋሉ የየሰፈሩ ወሬ ነው።

ከተመረቅኩ ቆየሁ። ቤት ተቀምጫለሁ። ሰው ማግኘትም እያስጠላኝ ነው። ምን ላድርግ?

ብቻህን አይደለህም። ሰፈራችን ውስጥ ሲቪል ኢንጂነሪንግ የተመረቀ አንድ ልጅ አለ። ጠዋት ነቅቶም ከክፍሉ አይወጣም። እናቱ ገበያ እስክትሄድ፣ ጎረቤት ወደ ሥራው እስኪበተን ይጠብቃል። ለምን ብትለው፣ በር ላይ የሚያገኙት ሴትዮ «ልጄ፣ ሥራ አገኘህ?» ስለሚሉት ነው። ክፉ ሴት አይደሉም። ሰላምታቸው ነው። እሱ ግን ያችን አንዲት ጥያቄ ለመሸሽ እስከ አራት ሰዓት ይታሰራል። ቁርስና ምሳ አንድ ይሆናሉ። ከዚያ የቴሌግራም የሥራ ቻናል ነው። «የ0 ዓመት ልምድ» የሚል ሲፈልግ «ቢያንስ 2 ዓመት» የሚለውን ያነባል። ካርድ ሲያልቅበት ከታናሽ እህቱ ዳታ ይለምናል። እሷ ኮስሞቲክስ ሱቅ ተቀጥራለች። በዚህ ይከፋዋል። ከዚያ በትንሽ ነገር ይጮህባታል።

የሆነውን አየህ? ዲግሪው አላሳፈረውም። ያሳፈረው መልስ ማጣቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መልስ አዘጋጅ። «እየፈለግኩ ነው፤ እስከዚያ ከሰዓት ልጆች አስጠናለሁ» ስትል ሴትዮዋ ምን ይላሉ? «ጎሽ!» ብለው ያልፋሉ። ምናልባትም የሚያስጠና ሰው የሚፈልግ ዘመድ ይኖራቸዋል።

ሁለተኛ፣ ሥራ ፍለጋውን በሰዓት ገድበው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ስልክ ማገላበጥ የሥራ ዕድል አይጨምርም፤ ሆድ ማስባሱን ግን ይጨምራል። ድሮ ሥራ ፈላጊው አራት ኪሎ ሄዶ ጋዜጣ በትንሽ ሳንቲም ተከራይቶ ያነብ ነበር። ቢያንስ በእግሩ ይሄዳል፣ አጠገቡ ካለው ሥራ ፈላጊ ጋር ያወራል፣ «እዚያ መሥሪያ ቤት ይቀጥራሉ አሉ» ይባባላል። ስልኩ ወረፋውን አስቀረልን፤ ጓደኛውንም አብሮ አስቀረ።

ሦስተኛ፣ ከሙያህ ዳር ዳር ያለ ነገር በነፃም ቢሆን ለጥቂት ወር ያዝ። ግንባታ ቦታ ሄደህ ፎርማኑን መርዳት፣ ጋራዥ መዋል። ጊዜውን ግን ቀድመህ ቁረጥ፤ «ልምድ ታገኛለህ» እያለ ዓመት በነፃ የሚያሠራም አለና። ኮብልስቶን ያነጠፉ ምሩቃን ብዙ ተቀልዶባቸው ነበር። እኔ ቀልዱ አይገባኝም። ከእነሱ ውስጥ ተደራጅተው የራሳቸውን ሥራ የያዙ አሉ። ቀላጁ ጥግ ላይ እንደቆመ ነው።

ባለቤቴ ድርጅታቸው ከተዘጋ ወዲህ በትንሹም በትልቁም ይቆጣል። ማጀት ድረስ እየገባ ድስት ይከፍታል። ምን ሆኖ ነው?

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ሲባል ሰምተው የለ? እሱም ቀደም ሲል ቢሮ ውስጥ ያዝዝ፣ ያርም፣ ይፈርም ነበር። አሁን የሚያርመው ነገር ያጣ ሰው የሽንኩርቱን አከታተፍ ያርማል። ዘይቱ በዛ፣ ምድጃው ተለኩሶ ተረሳ፣ ልጁ ጫማውን እዚህ አወለቀ። እርስዎ ደግሞ ውለው ደክመው መጥተዋል። ጠብ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ሁለት ነገር ይሞክሩ። አንደኛው ገንዘብ ነው። የሥራ ማጣት ውርደት ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ድሮ ለቤት አስቤዛ የሚሰጥ ሰው አሁን ጠዋት በር ላይ ቆሞ «የታክሲ የለኝም» ይላል። እርስዎ ቦርሳዎን ከፍተው መቶ ብር ያወጣሉ። ልጆቹ ያያሉ። እርስዎ ክፉ ነገር አላሰቡም፤ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ያንን ሲያብሰለስል ይውላል። የወሩን ገንዘብ አብራችሁ ተቀምጣችሁ መድቡ። ሁለታችሁም የምትወስዱበት አንድ መሳቢያ ይኑር። የኪስ ገንዘቡ እዚያ ይቀመጥ፤ አይጠየቅ።

ሁለተኛው፣ «አግዘኝ» አይበሉት። እገዛ የሰው ሥራ ነው፤ የሠራው እንኳ አይመሰገንበትም። አንድ ነገር እንዳለ ይስጡት። ልጆቹን ትምህርት ቤት ማድረስና መመለስ፣ የቤት ሥራቸውን ማየት፣ የመብራትና የውኃ ክፍያ፣ አጥሩን ማስጠገን። ሲሠራው ቆመው አይረሙት። የልጁ ፀጉር ተንጨባሮ ቢሄድም ሰማይ አይደፋም። አሁን ማጀት የሚገባው ሌላ የራሱ የሆነ ቦታ ስለሌለው ነው።

አንድ ነገር ግን ልለይ። ብስጭት ሌላ፣ ድብደባ ሌላ ነው። እጁን ካነሳ፣ ካስፈራራ፣ ገንዘብዎን ከነጠቀ ሥራ ማጣቱ ምክንያት አይሆነውም። ስንት ሥራ ያጣ ሰው አለ ሚስቱን የማይመታ! ያን ጊዜ ለቤተሰብ ይንገሩ፣ ለሽማግሌ ይንገሩ፣ ካስፈለገ ለፖሊስ። «ቻይው፣ ሥራ ስላጣ ነው» የሚል ሽማግሌ ከመጣ ሌላ ሽማግሌ ይፈልጉ።

አማቴ በትዳራችን መሐል ይገባሉ። ይህም ከዚህ ጋር ይያያዛል?

አንዳንዴ። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የተባለው ለቀልድ ብቻ አይደለም። ቤታቸው ልጅ ወጥቶ ያለቀባቸው፣ ጎረቤት የራቃቸው እናት ሐሳባቸው ሁሉ የእናንተ ቤት ነው። ከመኮራረፍ ይልቅ ሰንበቴያቸውን፣ ዕድራቸውን፣ የቡና አጣጫቸውን ጠብቁላቸው። ወደ ኮንዶሚኒየም ስታዛውሯቸው በመጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።

«ባለቤቴ ሥራ የላትም፣ ቤት ነው የምትውለው» ማለት ትክክል ነው?

አይደለም። እስኪ ሰውየው አንድ ሳምንት ይሞክረው። ሊጡን ማቡካት፣ እንጀራውን መጋገር፣ ውኃ በመጣ ሌሊት ተነስቶ ጀሪካን መደርደር፣ የታመመች አማት ማገላበጥ፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና ማፍላት። የማሪየንታል ሴቶችም ፋብሪካው ሲዘጋ ደመወዙ ቀረ እንጂ ሥራቸው አልቀረም፤ እንዲያውም በትንሽ ገንዘብ ቤት ማኖር ሲጨመር በዛ። የቤት እመቤት ጤና የሚጎዳው በሥራ መፍታት ሳይሆን ሥራዋ ሥራ ተብሎ ባለመቆጠሩ፣ ዕረፍትም በማጣቷ ነው።

የተለየ ነገር አለ ካልን፣ ሠራተኛ ቀጥራ፣ ልጆቿ አድገውባት፣ ቀኑን በተከታታይ ድራማ የምታሳልፍ ሴት አለች። እሷ ላይ ከላይ ስለ እግር፣ ስለ ስኳርና ስለ እንቅልፍ የተባለው ሁሉ ይሠራል። ባሏ ቢሮ ቁጭ ብሎ ስለሚውል እሱ ላይም እንዲሁ።

እህቴ ዓረብ አገር ሆና ለቤተሰቡ ትልካለች። ወንድሞቼ ሥራ መፈለግ አቆሙ። መላኩን ታቁም?

ይህ በብዙ ቤት ያለ ቁስል ነው። ሪያድ ወይም ቤሩት ያለች ልጅ ሌሊት ተነስታ የሰው ቤት ታጥባለች። እዚህ ወንድሟ ከሰዓት ይነሳል። የምትልከው ገንዘብ ቁጠባ ይሆናል ብላ ነው፤ ስትመለስ የምታገኘው ያለቀ ጫማና የተበላ ገንዘብ ይሆናል። ከዚያ ትዳሯም እህትነቷም ይናጋል።

በአንድ ቀን ታቁም አልልም። እናት አሉ፤ የቤት ኪራይ አለ። ግን ለእናት የሚሆነው በእናት ስም ይሂድ። የራሷ ቁጠባ በራሷ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ውክልናውንም ለማንም ዝም ብላ አትስጥ። ለወንድም የምትሰጠው በየወሩ ከሚሆን አንድ ጊዜ ይሁን፤ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሙያ ሥልጠና፣ ለዕቃ መግዣ፣ ክፍያውም በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ወይም ለሻጩ ይሁን። በየወሩ «ለኪስ» እየተላከለት የተነሳ ወንድም እስካሁን አላየሁም።

ልጆች ይህን ሁሉ ያያሉ?

ያያሉ፤ ይቆጥራሉም። በማሪየንታል ልጆች ለገና ምን እንዲሰጣቸው እንደሚፈልጉ ሲጻፍ፣ የጠየቁት ስጦታ ዋጋ በአካባቢው ካሉ ሌሎች መንደሮች ልጆች በጣም ያነሰ ነበር። ምኞታቸውን ሳይቀር «ቤት ውስጥ ገንዘብ ቢኖር ኖሮ» እያሉ ነው የጻፉት። ማንም ቁጭ ብሎ አልነገራቸውም። ስለዚህ ደብቆ ከመንሾካሾክ በልካቸው መንገር ይሻላል። «አባባ አሁን ሥራ እየፈለገ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ አዲስ ቦርሳ የለም።» ይበቃል።

የልጆቹ የራሳቸው ሥራ መፍታትም አለ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ሁለት ወር ስልክ ላይ መተኛት። ለልጆች የሚመከረው በቀን 60 ደቂቃ የሚያልብ እንቅስቃሴ ነው። ግቢ ለሌለው ሰው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ።

አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አረጀብኝ። ዕረፍት ይጠቅመዋል ብዬ ነበር።

አንድ ሰው 35 ዓመት በሁለት ሰዓት ተኩል ፈርሞ ሲገባ ኖሮ በ60 ዓመቱ ሽኝት ተደርጎለት፣ ጋቢ ለብሶ፣ ቤቱ ይገባል። በማግስቱ የት ይሂድ? ለመጀመሪያው ወር ዘመድ ይጠይቃል። ከዚያ ራዲዮ፣ ወንበር፣ ፀሐይ። በዚህ ዕድሜ የቀነሰ ጡንቻ ቶሎ አይመለስም። እግር ሲደክም መውደቅ ይመጣል፤ የወደቀ ሽማግሌ ዳሌው ከተሰበረ ነገሩ ይከብዳል።

ልጆች ደግሞ በፍቅር እናባብሰዋለን። «አባዬ አንተ አረፍ በል፣ እኔ አመጣልሃለሁ።» ውኃ የምናቀርብለት እኛ፣ ጋዜጣ የምንገዛለት እኛ። ተዉት ይሂድ! ዳቦውን እሱ ይግዛ። የዕድር ጸሐፊ ወይም ገንዘብ ያዥ ሆኖ ስብሰባ ይጥራ። ሒሳብ አስተማሪ የነበረ የሰፈር ልጆችን ያስተምር። ያለችውን መሬት ጎመንና ቆስጣ ይትከልባት። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በእግሩ የሚሄድ ሽማግሌ የብዙ ሐኪም ምክር በአንድ ጉዞ ፈጸመ።

አንድ ማሳሰቢያ። ሁሉም ጡረተኛ በጡረታ ምክንያት አይታመምም። ታሞ ቀድሞ የወጣም አለ። አባትዎ በድንገት ከተለወጠ፣ የሚረሳ ከሆነ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ያስመርምሩት እንጂ «ሥራ ስለፈታ ነው» ብለው አይተዉት።

ወላጆቻችንን አሜሪካ አመጣናቸው። ቀኑን ሙሉ አፓርትመንት ውስጥ ናቸው። አይጎዳቸውም?

ይጎዳቸዋል። አገር ቤት ገበያ የሚወጡ፣ ለቅሶ የሚደርሱ፣ ሰው የሚያስታርቁ እናት ሲልቨር ስፕሪንግ አምስተኛ ፎቅ ላይ ቴሌቪዥን ሲያዩ ይውላሉ። ቋንቋው የለም፤ መኪና የለም፤ ክረምቱ ይበርዳል። «ምን ጎደለዎት?» ሲባሉ «ተመስገን፣ ምንም» ይላሉ። ምንም አልጎደለም፤ ሰው ብቻ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን መውሰድ ብቻ አይበቃም። በሳምንቱ መሐልም አንድ ሁለት ቀን የሚወጡበት ይኑር። ለአረጋውያን የቀን መዋያ ማዕከል በአካባቢያችሁ ካለ ጠይቁ። አውቶቡስ አብራችሁ ሁለት ሦስቴ ተሳፍራችሁ አለማምዷቸው። በተቃራኒው ደግሞ ሕፃን አሸክማችሁ በቀን አሥር ሰዓት ብቻቸውን አትተዉአቸው። ያ ሥራ መፍታት አይደለም፤ ያለ ደመወዝ ድካም ነው።

አውሮፓ ጥገኝነት ጠይቀው የሥራ ፈቃድ የሚጠብቁ ወጣቶችም በመጠለያ ውስጥ የሚያልፉት ተመሳሳይ ነው። ለእነሱ ቋንቋ ትምህርት ቀኑን የሚከፋፍል ነገር ነው። ፈቃዱ ሲመጣ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚጠቅማቸው እሱ ነው።

በየበዓሉ ሥራ መፍታትስ እዚህ ውስጥ ይቆጠራል?

አይቆጠርም። ለሚካኤል ወይም ለጊዮርጊስ ሥራ የፈታ ገበሬ ቤተ ክርስቲያን በእግሩ ደርሶ፣ ጽዋ ማኅበር ጠጥቶ፣ ከሰው ተጨዋውቶ ይገባል። ነገ ወደ በሬው ይመለሳል። በዓሉ ሁሉ አረቄ ቤት የሚያልቅ ከሆነ ግን ጥፋቱ የቅዱሱ አይደለም።

ነገ ጠዋት ከየት ልጀምር?

ከመነሻ ሰዓታችሁ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሱ፣ ታጠቡ፣ ልብስ ቀይሩ። በፒጃማ መዋል ቀኑን ከመጀመሪያው ይሰርዘዋል። ከዚያ ከቤት ውጡ፤ ጉዳይ ባይኖራችሁም። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ፈጠን ያለ እንቅስቃሴ ነው። ትንሹ፣ ግማሽ ሰዓት በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ይቆጠራል። አካፋ መያዝ ይቆጠራል። ግቢ መጥረግም ይቆጠራል። እያወራችሁ መሄድ የምትችሉበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅታችሁ ፍጥነት ልክ ነው።

ከሰዓት የሚጠብቃችሁ አንድ ሰው ይኑር። የምታስጠኑት ልጅ፣ የምታግዙት ባለ ሱቅ፣ አብሯችሁ የሚሮጥ ጓደኛ። ለራሳችሁ የገባችሁትን ቀጠሮ ትሰርዙታላችሁ፤ የሚጠብቅ ሰው ካለ ግን ትሄዳላችሁ። ማታ ስልኩን ከአልጋችሁ አርቁት።

ለረጅም ጊዜ ተቀምጣችሁ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን አቀበት አትውጡ። ስኳር፣ ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ወይም ሲራመድ ደረቱን የሚጨንቀው ሰው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ጎራ ይበል። ግፊት መለካት አምስት ደቂቃም አይፈጅም።